አምስት ሜትር መብራት

ከሶዶ የወጣሁ ዕለት ማታ ሰፈራችን ውስጥ መብራት ጠፍቶ ነበር። የኤሌክትሪክ ሙያ ተምሬ፣ ደረጃ ሁለት ሰርተፊኬቴን በላስቲክ ጠቅልዬ ሸሚዜ ሥር ከትቼ፣ ቦርሳዬን የሸከፍኩት በሻማ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጴጥሮስ ባጃጁን ደጅ አቁሞ በፊት መብራቱ ወደ ቤት ውስጥ ያበራልናል፤ እናቴ ዳጣ በርበሬውን በውኃ ጠርሙስ ሞልታ አፉን በጨርቅ ታስራለች፤ እኔ ደግሞ አንዱ እግሬ ላይ ጥቁር፣ አንዱ ላይ ቡናማ ካልሲ አድርጌአለሁ፤ ይህንን ያየሁት ሞያሌ ስደርስ ነው። እማ አላለቀሰችም። ደቡብ አፍሪካ መብራት አለ አይደል ብላ ብቻ ጠየቀችኝ፤ እዚያማ ቀንም ማታም አይጠፋም አልኳት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የስደቴ የመጀመሪያ ውሸት ይቺ ናት። እዚህም ይጠፋል። ሎድ ሸዲንግ ይሉታል፤ ልዩነቱ እዚህ የሚጠፋበትን ሰዓት አስቀድመው መንገራቸው ነው።

ለምን ሄድክ ለምትሉኝ፣ በተለይም አረካና ሻንቶ ሆናችሁ ደላላ ለምታነጋግሩ ልጆች፣ እውነቱን ልናገር። ቴክኒክና ሙያ እንደጨረስኩ ቀበሌ ሄድኩ። ጥቃቅንና አነስተኛ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ሰርተፊኬቴን አገላብጦ አየና በጣም ደስ አለው። ኤሌክትሪሺያን በጣም ያስፈልገናል አለኝ፤ ተደራጁ አለን፤ አሥር ሆነን ተደራጀን። ከዚያ "ድንጋይ ጠርበህ ታውቃለህ?" አለኝ። አላውቅም ስለው ምንም አይደል፣ ሥልጠና አለ አለኝ። አንድ ዓመት ተኩል የሶዶን ኮብልስቶን ጠረብኩ። ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ባለው መንገድ ላይ ባጃጁ ክፉኛ የሚያንገጫግጫችሁ ቦታ አለ፤ እሱ የእኔ ሥራ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

መንገዱን አላወራም ብዬ ነበር፣ ግን ጥቂት ልበል። ሞያሌን በሞተር፣ ናይሮቢን በር ተዘግቶብን፣ ከዚያ ወዲያ በጭነት መኪና ከሽንኩርት ጆንያ ሥር፣ ቀጥሎ ታንዛኒያ እስር ቤት ሁለት ወር። እዚያ ኡጋሊ የሚሉት ምግብ አለ፤ የበቆሎ ገንፎ ነው፣ ግን ቅቤ የለው፣ ዳጣ የለው። ገንፎ ያለ ቅቤ ቀርቦለት ዝም ብሎ የሚበላ የወላይታ ሰው ካለ በእውነት ርቦታል ማለት ነው። የእናቴን ዳጣ በጣታችን ጫፍ እየነካን ለሰባት ሰው አዳረስነው። አብረውን ከነበሩት አንዱ ማላዊ ላይ ታሞ ቀረ። ስሙን አልጽፍም፣ ቤተሰቡ ያውቀዋል። እሱን ሳስብ ሳቄ ይቆማል፤ ስለዚህ ልለፈው።

ደቡብ አፍሪካ ገብቼ የስደተኛ ወረቀት የሚሰጡበት ቢሮ ተሰለፍኩ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ሴትዮ ሙያዬን ጠየቀችኝ፤ ኤሌክትሪሺያን አልኳት። አገርህን ለምን ለቀቅክ አለች፤ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ ድንጋይ ስላስጠረቡኝ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና "ታዲያ ድንጋይ ጠራቢ ነህ እንጂ ለምን ትዋሻለህ?" ብላ ሙያ በሚለው ቦታ ላይ ድንጋይ ጠራቢ ብላ ጻፈችልኝ። ወረቀቱ በየስድስት ወሩ ይታደሳል፣ እኔም በየስድስት ወሩ ድንጋይ ጠራቢ ሆኜ እታደሳለሁ። ይቺ ወረቀት ታኖራለች እንጂ አታመላልስም። አንዴ አገሬ ልሂድ ብሎ የወጣ ሰው መመለሻ የለውም።

አሁን ያለሁባት ከተማ ስሟ ሲጠራ ምላስ ላንቃ ላይ ቀጭ ማለት አለበት፤ እኔ እስካሁን አልቻልኩበትም። ብርድ ልብስና መጋረጃ ተሸክሜ ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር በር ለበር እሸጣለሁ። ሰዉ ደግ ነው፤ እኛ በወላይትኛ ሳሮ ብለን ሰላም እንደምንለው ሞሎ ይሉሃል፣ ደህና አደርክ ወይ ይሉሃል፣ ከዚያ ዕቃህን ሁሉ አስፈትተው ነካክተው ምንም ሳይገዙ ይሸኙሃል። የምኖረው ማማ ኖምሳ በሚሏት ባልቴት ግቢ ውስጥ፣ ከቤቷ ኋላ በተቀለሰች የቆርቆሮ ክፍል ነው። መስኮት የለውም። አምፖልም የለውም፤ ከእሷ ቤት በቀዳዳ የገባ አንድ ሶኬት ብቻ አለ። ሲነጋም ሲመሽም ጨለማ ነው፣ እኔም በስልኬ ባትሪ እየተንቀሳቀስኩ ሁለት ዓመት ኖርኩበት። አልጋዬ ስምንት ባዶ የጠርሙስ ሳጥን ተደርድሮ ፍራሽ የተጣለበት ነው። እንዲህ እየኖርኩ ደስተኛ ነበርኩ፣ ምክንያቱም ማርታ ነበረችኝ።

ማርታን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ሻንቶ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። የተዋወቅነው ሶዶ መዘምራን ውስጥ ሆነን ነው፤ እኔ ድምፄ አይጠቅምም ነበር፣ ማይክራፎኑን ስለምጠግን ግን አላባረሩኝም። ከወጣሁ ጀምሮ በስልክ ነው የምንኖረው። ሁለታችንም ለመጋባት ስንቆርጥ ቤተሰቤ ሽማግሌ ላከ። መጀመሪያ ጎሳ ተጠየቀ፣ በእኛ አንድ ጎሳ እርስ በርሱ አይጋባምና፤ ጎሳችን የተለያየ ሆነ፣ ተመስገን። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ደብዳቤ ይጻፍለት ተባለ። ሦስተኛው ግን አባቷ ናቸው፣ አቶ ዳልቄ። ድሮ ቢሆን የልጅቷ ዘመዶች በእግራቸው ሄደው የልጁን የእንሰት ጓሮና ከብት አይተው ይመለሱ ነበር። አቶ ዳልቄ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ ያላዩትን አይፈርሙም። ልጄ የምትገባበትን ቤት ፎቶውን ይላክ፣ አይቼ መልስ እሰጣለሁ አሉ።

እስቲ እዚህ ላይ የእኔ ቦታ ሁናችሁ አስቡት። ክፍሏን በባትሪ ብርሃን ፎቶ ባነሳት ወንጀለኛ የሚደበቅበት ዋሻ ነው የምትመስለው። ደህና ክፍል እንዳልከራይ አቅሜ አይፈቅድም። አንድ ቀን ከተማ ወርጄ በቻይናዎቹ ሱቅ መስኮት ላይ ኤልኢዲ ስትሪፕ የሚሉትን አየሁ፤ እንደ ሪባን የሚጠቀለል፣ ከኋላው ማጣበቂያ ያለው፣ በሪሞት ቀለሙ የሚቀያየር መብራት ነው። ልቤ ዘለለ። እንዴት አይዝለል፣ ሙያዬ እኮ ነው! ሻጩ ሳጥኑ የተከፈተ አንድ ጥቅል አለ፣ እሱን በግማሽ ዋጋ ውሰድ አለኝ። አያ በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄኔ ነው። አምስት ሜትሯን እቅፍ አድርጌ ወጣሁ።

ማማ ኖምሳ በሩ ላይ ያዘችኝ። ይሄ ነገር የእኔን ኤሌክትሪክ ይበላል አለች። እዚህ ቆጣሪው እንደ ስልክ ካርድ የሚሞላ ነው፣ ስለዚህ ሽርፍራፊዋንም ትቆጥራለች። ጥቅሉ በሙሉ ሲበራ ሳሎንሽ ካለችው ከአንዷ አምፖል ያነሰ ነው የሚበላው አልኳት። አላመነችኝም፤ ያማረ ነገር ሁሉ ይበላል አለች። ቆጣሪው ድረስ እጇን ይዤ ወስጄ አብርቼ አጥፍቼ አሳየኋት። ከዚያ ደግሞ ቆርቆሮዬን በምስማር እንዳትበሳው አለች። አልበሳም ብዬ ማልኩ።

ያን ሳምንት በደስታ ሰከርኩ ብል ማጋነን አይሆንም። ስትሪፑ ቆርቆሮ ላይ አይጣበቅም፤ ቆርቆሮው ሌሊት ያልበዋል፣ ጠዋት ስነሳ መብራቱ ወለል ላይ ተንጋሎ አገኘዋለሁ። ስለዚህ እንደ አገራችን ግድግዳ ላልብሰው ብዬ ከሱቆች የሳሙና ካርቶን ለመንኩ፣ ዱቄት በውኃ አንፍሬ ሙጫ ሠራሁ፣ ዙሪያውን ለጠፍኩ። ከላይ አንድ ነጭ አንሶላ ወጥሬ ኮርኒስ አደረግኩት። ከኮርኒሱ በታች ካርቶን እንደ መደርደሪያ አጥፌ ስትሪፑን ከጀርባው ደበቅኩት፣ ብርሃኑ ብቻ ወደ አንሶላው እንዲረጭ። የቀረችውን ጫፍ ሳልቆርጥ ከመስታወቴ ኋላ አዞርኳት። እናንተም ስትሠሩ አምፖሎቹ በዓይን አይታዩ፣ ብርሃኑን ግድግዳ ላይ ጣሉት፤ ያኔ አምስት ሜትሩ አሥር ሜትር ይመስላል።

ሰካሁት። በራ። ሪሞቱን ስነካካ ነገሩ ገባኝ፤ አረንጓዴው አይሠራም። ቀዩን ስጫን ቀይ፣ ሰማያዊውን ስጫን ሰማያዊ፣ ቢጫውን ስጫን እሱም ቀይ፣ ነጩን ስጫን ሮዝ፣ አረንጓዴውን ስጫን ድርግም። ግን ምን ችግር አለው? ቀዩ ራሱ ሲያምር! የካርቶኑ ጽሑፍ አይታይ፣ የአንሶላው እድፍ አይታይ፣ ሁሉ ነገር ሞቅ፣ ለስለስ ብሎ የትልቅ ሆቴል ክፍል መሰለ። ሙሉ ልብሴን ለብሼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩና ስልኬን በጫማ አስደግፌ ራሴን አነሳሁ። አቶ ዳልቄ ይሄን አይተው እምቢ ካሉ ሌላ ምን ይፈልጋሉ ብዬ ለጴጥሮስ ላክሁለት።

ሁለት ቀን ጸጥታ። በሦስተኛው ቀን ጴጥሮስ ደወለ፣ ግን አያወራም፣ ሳቅ ይሁን ለቅሶ የማይለይ ድምፅ ያሰማል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፣ ስሙልኝ። አቶ ዳልቄ ፎቶውን ብቻቸውን ማየት ስላልፈለጉ ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጠርተዋል። መነጽር እየተቀባበሉ አይተዋል። ከዚያ አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ይሄ ከመናኸሪያው ጀርባ ካሉት ቤቶች እንደ አንዱ ነው አሉ።

ሶዶን የሚያውቅ ተጨማሪ ማብራሪያ አይፈልግም። ለማያውቅ ግን፣ በእኛ ከተማ ቀይ መብራት የሚያበራ ቤት አንድ ዓይነት ቤት ነው፤ መጠጥ ይሸጥበታል፣ ሌላም ነገር አለ፣ ክርስቲያን በዚያ ሲያልፍ ፈጠን ብሎ ይራመዳል። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ በዚያ ስናልፍ እናቴ ዓይኔን በእጇ ትሸፍነው ነበር። ያን ያህል ዘመን የማውቀውን ነገር በቀይ ሞቅታ እንዴት እንደረሳሁት አይገባኝም። በዚያ ላይ ከፍራሹ ሥር የጠርሙስ ሳጥኖቹ ተደርድረው ይታያሉ። ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ፣ ቀይ መብራት፣ ስምንት ሳጥን ጠርሙስ። ፍርዱ ተሰጠ፤ ልጁ ደቡብ አፍሪካ ቡና ቤት ከፍቷል ተባለ። የቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ታገደ። እናቴ የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ያዘች።

ጴጥሮስ ደግሞ ሊከላከልልኝ ብሎ ነገሩን አባሰው። አቶ ዳልቄ ደጅ ሄዶ፣ ያ መብራት እኮ ቀይ ብቻ አይደለም፣ በሪሞት ሰባት ቀለም ይሆናል፣ ሲፈለግ እንደ ቤተ ክርስቲያን ነጭ ነው ብሎ ማለላቸው። አረንጓዴው እንደሞተ አልነገርኩትም ነበር። አቶ ዳልቄም አስበው አስበው፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቪዲዮ ይደውል፣ ያው መብራት ዓይኔ እያየ ነጭ ይሁን፤ ከሆነ እንነጋገራለን፣ ካልሆነ ልጄን ይተው ብለዋል።

ነጭ ደግሞ ከቀይ፣ ከሰማያዊና ከአረንጓዴ ነው የሚሠራው። አረንጓዴ ከሌለ ነጭ የለም፣ ነጭ ከሌለ ማርታ የለችም። አራት ቀን አለኝ። ስትሪፑን አውርጄ ገመዱ የሚገባበትን ጫፍ ባየው የአረንጓዴው ሽቦ ብየዳ ተነስቷል፤ ሽቦው የተያያዘ ይመስላል እንጂ አይነካም። የመበየጃ ካውያ የለኝ። ከአንድ የወደቀ ሬዲዮ ውስጥ የብየዳ ሊድ ፍቄ አወጣሁ፣ ትልቅ ምስማር በጋዝ ምድጃ አቀላሁ፣ በጨርቅ ይዤ ሞከርኩ። ረቡዕ ጣቴን አቃጠልኩ። ሐሙስ ጫፉ ተቃጠለና የመጀመሪያዎቹን ሦስት አምፖሎች ቆርጬ ጣልኩ። ዓርብ ሎድ ሸዲንግ ሆነ፤ ቢያያዝም ማወቂያ የለኝም። ማማ ኖምሳ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና ምን ሆነህ ነው አለችኝ። የሚስቴ አባት አረንጓዴ ይፈልጋሉ አልኳት። የእኔ ባል አባት ላም ነው የተጠየቀው፣ አንተ ቀሎልሃል ብላ ሄደች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰካሁትና አረንጓዴውን ተጫንኩ።

በራ። ክፍሏ በአንድ ጊዜ የእንሰት ጓሮ መሰለች፤ ከዝናብ በኋላ ቅጠሉ ሥር ገብተህ ወደ ላይ ስታይ ያለው ዓይነት ብርሃን። እንደ እብድ ሳቅኩ። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ፍራሹ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከሶዶ ከወጣሁ ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆዴ ባብቶ አያውቅም። ማማ ኖምሳ ድምፅ ሰምታ መጣች፣ አረንጓዴውንም አየች፣ ቢጫውንም፣ ነጩንም። ዞራ ዞራ አየችና ክፍሉ ቆንጆ ሆኗል፣ ከሚቀጥለው ወር ኪራዩ ይጨምራል አለችኝ።

እሑድ ደወልኩ። ሻንቶ፣ አቶ ዳልቄ ሳሎን፤ ጴጥሮስ ስልኩን ይዟል፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፣ ማርታ በሩ ጋ ቆማለች። ስልኩ ሲዞር ቀሚሷን ብቻ አየሁ። ቀዩን አብርቼ ነበር የጠበቅኳቸው፣ ያው መብራት መሆኑን እንዲያውቁ።

"ያቺ መብራት ነጭ ትሁን" አሉ አቶ ዳልቄ።

ተጫንኩት። ነጭ ሆነ። አንደኛው ሽማግሌ ተመስገን ሲሉ ሰማሁ። ግን ነጭ ብርሃን ምን እንደሚያደርግ ያኔ ነው ያየሁት። የሳሙናው ካርቶን ከነጽሑፉ፣ የአንሶላው እድፍ፣ ያበጠው ጥግ፣ በቀዩ የተሸፈነው ሁሉ ወጣ። አቶ ዳልቄ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

"ግድግዳው ካርቶን ነው?"

"አዎ አባቴ።"

"ከጀርባው ምን አለ?"

"ቆርቆሮ ነው።"

"ሳጥኖቹስ?"

ፍራሹን ገልጬ አሳየኋቸው፤ ባዶ ናቸው፣ የአልጋ እግር ናቸው አልኳቸው። ከዚያ የአቶ ዳልቄ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነው።

"ልጄ፣ ቡና ቤት ቢሆን ይሻልህ ነበር" አሉ። "ቢያንስ ግድግዳ ይኖረዋል።"

ሳሎኑ ሁሉ ሳቀ፣ ጴጥሮስ ስልኩን ሊጥለው ነበር። አቶ ዳልቄ እንባቸውን ጠርገው፣ ሰው ድህነቱን በነጭ መብራት ካሳየ የሚደብቀው የለም፣ እኔ ፈቅጃለሁ፣ ደብዳቤውም ይጻፍለት አሉ። ጮህኩ። ካርቶኑን በቡጢ መታሁት፣ አንድ ጥጉ ተላቀቀ። የሆንኩትን ልነግራችሁ አልችልም፤ ማንም አጠገቤ ስላልነበረ ትራሴን አቀፍኩ።

ከዚያ ማርታ ስልኩን ተቀብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ፊቷን ያየሁት ያኔ ነው። አልሳቀችም።

"አየሁት" አለች። "ሁሉንም አየሁት።"

ቀስ በቀስ ይሻሻላል፣ ስትመጪ ሌላ ክፍል እንከራያለን፣ ወለሉንም አነጥፈዋለሁ እያልኩ አጣደፍኳት። አስጨረሰችኝ።

"እኔ እዚያ አልመጣም" አለች። "አንተ ና። ወረቀትህን አውቃለሁ፣ ከወጣህ አትመለስም። ተመልሰህ እዚያ እንድትሄድ አይደለም የምልህ።"

ሶዶ ሥራ የለም፣ ድንጋይ ነው የሚጠብቀኝ ልላት አስቤ ነበር። እሷ ግን መልሴን አልጠበቀችም። ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይታለች፤ የጭቃ ቤት ነው፣ መስኮት አለው፣ መብራት ገና አልገባለትም።

"በገመድ ለክቼዋለሁ" አለች። "አራት በሦስት ነው። ዙሪያውን ስንት ይፈጃል?"

"አሥራ አራት ሜትር" አልኳት ወዲያው። "ሦስት ጥቅል ይበቃዋል።"

"እሺ፣ ጻፍኩት" አለችና ስልኩን ዘጋችው።

እመጣለሁ ብዬ እንደመለስኩላት የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።